ጥርስ ያለው ሁሉ አይነክስም፦ ስለ ሞተር ሳይክል ጎማ ለሚባለው ምላሽ

ክረምት ሊገባ ሲል ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ባለው መንገድ ዳር ጎሚስታ ቤት ደጃፍ የቆመ ሞተረኛ አንድ ምክር ሳይሰማ አይሄድም። ጎማ ማለት ጥርሱ ነው ይባላል፤ ጥርሱ ጥልቅ ከሆነ መሬት ይነክሳል፣ ካለቀ ያዳልጣል። ምክሩ ምራቂም አለው፦ ዝናብ ሲጀምር ንፋሱን ቀነስ አድርገው፣ ጎማው መሬት ላይ ዘና ብሎ ሲተኛ ጥርሱ በደንብ ይይዝልሃል። ይህን የሚለው ጎሚስታው ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ማንሣት ባላስፈለገ ነበር። የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ኬላዎችን የሚዞረው ሱፐርቫይዘር፣ በሞተር ሰው እያመላለሰ የሚተዳደረው ወጣት፣ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ኮሚቴ ሁሉም ይስማሙበታል። ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚታየው ጥርስ ነው። ጥርስ ካለ «ጎማው ደህና ነው» ይባልና ጥፋቱ ወደ ነጂው ወይም ወደ ዕድሉ ይዞራል።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ጥርስ ሥራ አለው፤ ዋናው ሥራው ግን ጭቃ ላይ ነው፣ ከዚያ ቀጥሎ ውሃ ማስወጣት። አስፋልት ላይ ሞተረኛውን ይዞ የሚያቆመው የላስቲኩ ልስላሴ፣ በውስጡ የታመቀው አየርና በላዩ የሚያርፈው ክብደት ነው። ሦስቱም በዓይን አይታዩም፣ ጥርስ ግን ይታያል። ምክሩ የተጣመመው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

አስተያየቱ ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። ሞተር ወደ ገጠር ቀበሌዎች ቀድሞ የገባው በመሥሪያ ቤትና በፕሮጀክት በኩል ነው። እንደ ያማሃ ዲቲ 125 ያሉት ሞተሮች ከፊት 2.75-21፣ ከኋላ 4.10-18 የሆነ፣ ጥርሱ ትልልቅና የተራራቀ ጎማ ይዘው መጡ። የገቡበት አገር ደግሞ ቀላል አይደለም። ዳንግላ አካባቢ በዓመት 1,600 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ አብዛኛው የሚወርደው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ነው። ደጋ የሆነችው እንጅባራ ከዚህም የበለጠ ታገኛለች። የባንጃና የፋግታ ለኮማ ቀይ ሸክላ፣ የጃዊ ጥቁር አፈር ሲርስ ምን እንደሚመስል ለአካባቢው ሰው አይነገረውም። እንዲህ ባለ መሬት ትልቅ ጥርስ ያለው ጎማ ላዩን ጭቃ ቆርጦ ይገባና ከሥር ያለውን ጠንካራ አፈር ይይዛል። ጎማው ሲሽከረከር ደግሞ በጥርሶቹ መካከል የተለጠፈውን ጭቃ እያራገፈ ይሄዳል። እዚህ ላይ ከጎሚስታው ጋር ጠብ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምርለት፦ ጭቃ ላይ የሚቆጠረው የጥርሱ ጥልቀት ብቻ አይደለም፣ ርቀቱም ነው። ጥርሶቹ ተቀራርበው የተደረደሩበት ጎማ፣ የቱንም ያህል ጥልቅ ቢሆኑ፣ በቀይ ሸክላ ይሞላና ከመቶ ሜትር በኋላ ልሙጥ ይሆናል። «ባለ ጥርስ» ተብሎ የሚሸጥ ጎማ ብዙው እንዲህ ያለ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ተቀየረ። በሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ስሙ በተጠራው አገር የፈረሱን መልእክት ዛሬ በብዛት የሚያደርሱት እንደ ቦክሰር ያሉ፣ ቸርኬያቸው 17 ኢንች የሆነ፣ ለመንገድ የተሠራ ቀጭን ጎማ የለበሱ ሞተሮች ናቸው። የሚውሉትም በአብዛኛው ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በሚዘልቀው አስፋልትና በከተማ ኮብልስቶን ላይ ነው። ምክሩ ግን ከጭቃው ወጥቶ አስፋልቱ ላይ እንዳለ ተቀመጠ።

አስፋልት አይቆረጥም። ጥርስ ምንም ያህል ቢሾል ውስጡ አይገባም። ላስቲክ አስፋልትን የሚይዘው በሌላ መንገድ ነው፦ ለስላሳው ላስቲክ በጠጠሮቹ ደቃቅ ጉጦች ላይ ተጭኖ የእነሱን ቅርጽ ይይዛል፤ ሲጎተት ይለጠጣል፤ ሲለቀቅ ወደ ቅርጹ የሚመለሰው ግን ዘግይቶ ነው። በዚያ መዘግየት ውስጥ የሚባክነው ጉልበት ነው ሞተሩን የሚገታው። በደረቅና በንጹሕ ቦታ ደግሞ ላስቲኩ ከድንጋዩ ጋር በቀጥታ ይጣበቃል። ስለዚህ መሬት የነካው ላስቲክ ሲበዛ ይሻላል፤ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ክፍተት ከዚያ ላይ የተቀነሰ ነው። የእሽቅድምድም ሞተሮች በደረቅ አስፋልት አንድም ጥርስ በሌለው ልሙጥ ጎማ የሚሮጡት ለዚህ ነው። በአንጻሩ የገጠር ጎማ ረጃጅም ጥርስ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ይተጣጠፋል፤ ሞተሩ ኩርባ ላይ «ይዋኛል» የሚባለው ያኔ ነው።

የጎማ ታሪክም ወደዚሁ ይመራል። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ቶምሰን በአየር የሚሞላ ጎማን በ1845 ሲያስመዘግብ፣ ጆን ቦይድ ደንሎፕም በ1888 ቤልፋስት ውስጥ ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት እንደገና ሲሠራው፣ የተፈለገው አየሩ ነበር። የጀርመኑ ኮንቲኔንታል ጥርስ የተቀረጸበትን የመኪና ጎማ ያቀረበው በ1904 ነው፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጎማ ከጥርሱ በብዙ ዓመት ይበልጣል ማለት ነው።

ልሙጥ ጎማ ይዘህ በዝናብ ውጣ እያልሁ አይደለም። እርጥብ አስፋልት ላይ የጎማው ቦዮች ውሃውን ወደ ጎን ያስወጡለታል፤ ላስቲኩ ከድንጋዩ ጋር የሚገናኘው ከዚያ በኋላ ነው። ፋብሪካዎች በቦዮቹ ወለል ላይ ትንንሽ ጉብታዎች ያበጃሉ፤ ጥርሱ ተበልቶ ከጉብታዎቹ ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አብቅቷል። በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ለሞተር ሳይክል የተፈቀደው ዝቅተኛ ጥልቀት 1 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን የዚህ አገር ሞተረኛ የሚወድቀው በአብዛኛው ውሃው በዝቶበት ተንሳፍፎ አይደለም። አዲስ ቅዳም አካባቢ የጠጠር መንገዱ ከአስፋልቱ የሚገናኝበትን አንድ መታጠፊያ ከካፊያ በኋላ ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ነገሩን ይረዳዋል። ጋሪ ከሜዳው ያወጣው ቀይ አፈር፣ የከብት እበት፣ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ከሚጫንበት ቦታ የረገፈ ደቃቅ፣ ከመኪና የተንጠባጠበ ዘይት፣ ሁሉም በትንሽ ዝናብ ተለውሶ እንደ ወረቀት የሳሳ ልባስ ይሆናል። የጎማ ቦይ የተሠራው ወራጅ ውሃ ለማስወጣት ነው፤ ይህን ልጣፍ አያስወጣውም። ለጭቃ የተሠራው ትልቅ ጥርስም አይቆርጠውም፤ ከሥሩ የሚገባበት ለስላሳ አፈር የለማ። ዶፍ ሲወርድ ልባሱ ታጥቦ ይሄዳል፤ ለዚህ ነው የዝናብ መጀመሪያ ካፊያ ከዶፉ ይልቅ ሞተረኛ የሚጥለው። ያን ጊዜ የሚያድነው ከመታጠፊያው በፊት ፍጥነት መቀነስና ፍሬንን በርጋታ መያዝ ነው።

ወደ ንፋሱ ልምጣ፤ ምክሩ በጣም የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። ሞተሩን የሚሸከመው ላስቲኩ ሳይሆን አየሩ ነው። በአንድ ጎማ ላይ 100 ኪሎ ቢያርፍና በውስጡ 30 ፒኤስአይ ንፋስ ቢኖር፣ መሬት የሚነካው ስፋት በግምት 47 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ንፋሱን ወደ 20 ብናወርደው ስፋቱ ወደ 70 ይጠጋል። ጎሚስታው የሚያየው ይህን መስፋት ነው፣ አልተሳሳተም። ያላየው ግን ስፋቱ የተገኘው እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር መሬቱን የሚጫንበት ኃይል ቀንሶ መሆኑን ነው። በጭቃ ላይ መቀነሱ ደግ ነው፤ ጎማው አይሰምጥም። በውሃ ላይ ግን ውሃውን ከሥሩ ገፍቶ የሚያስወጣው ያው ግፊት ነው። የናሳ ተመራማሪዎች ሆርንና ድሬር በ1963 እ.ኤ.አ. በአውሮፕላን ጎማ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ጎማ ውሃ ላይ መንሳፈፍ የሚጀምርበት ፍጥነት ከንፋሱ ግፊት ካሬ ሥር ጋር አብሮ እንደሚወጣና እንደሚወርድ አሳይተዋል። በእነሱ ቀመር 30 ፒኤስአይ ያለው ጎማ የሚንሳፈፈው በሰዓት 91 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ 20 ሲሆን ወደ 75 ይወርዳል። የሞተር ሳይክል ጎማ ክብና ጠባብ ስለሆነ ከዚህ የተሻለ ይቋቋማል፤ አቅጣጫው ግን አይቀየርም። ለዝናብ ብሎ ንፋስ የቀነሰ ሰው የሸሸውን ነገር ራሱ ቀርቦታል።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ጎሚስታው ከመነዳሪውን ከጎማው አውጥቶ፣ ነፍቶ፣ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ እያዟዟረ ሲፈትሽ፣ አንዳንዴ አረፋው ከአንድ ቦታ አይወጣም። ሁለት አጫጭር ቅዶች ትይዩ ሆነው፣ በመካከላቸው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ትተው ይታያሉ። ባለቤቱ «ምስማር ነው» ይላል። ምስማር ሁለት ቦታ በአንድ ልክ አይቀድም። ቅዶቹ የተፈጠሩት ጎማው ንፋስ አንሶት ድንጋይ ሲመታ፣ ከመነዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው ሁለት ጠርዞች መካከል ተቀርቅሮ ነው። ሁለተኛው ምስክር ቫልቮላው ነው። ቀጥ ብሎ ወደ መሐል ማመልከት ሲገባው ወደ አንድ ጎን ካዘመመ፣ ጎማው ንፋስ ስላነሰው ፍሬን ሲያዝ በቸርኬው ላይ ተንሸራቶ ከመነዳሪውን ጎትቶታል። ካልታረመ ቫልቮላው ከሥሩ ይነቀላል፤ ያን ጊዜ ንፋሱ የሚወጣው ቀስ እያለ ሳይሆን ባንድ አፍታ ነው። ይህን ሁሉ ማስረጃ በእጁ ይዞ ማስቲሽ የሚቀባው ሰው ራሱ ንፋስ ቀንስ ብሎ መካሪ መሆኑ ይገርመኛል።

ጭነት ሲጨመር ነገሩ ይከፋል። እንደ ቦክሰር ባሉ ሞተሮች የኋላ ጎማ ጎን ላይ 3.00-17 የሚል አለ፦ ወርዱ 3 ኢንች፣ የሚገባበት ቸርኬ 17 ኢንች ነው። ቀጥሎ ብዙ ጊዜ 50 ቁጥርና ፒ የምትባለው የላቲን ፊደል ይገኛሉ። 50 ኪሎ ይችላል ማለት አይደለም፤ የሠንጠረዥ ቁጥር ነው፣ ትርጉሙም 190 ኪሎ። ፒ ደግሞ የፍጥነቱ ጣሪያ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር መሆኑን ይናገራል። አሁን ሐምሌ ላይ የሚታየውን እንደምር፦ 120 ኪሎ የሚመዝን ሞተር፣ 70 ኪሎ ነጂ፣ 65 ኪሎ ተሳፋሪ፣ ከተሳፋሪው ኋላ የታሰረ 50 ኪሎ የማዳበሪያ ከረጢት። የተሳፋሪው ክብደት ሙሉ በሙሉ ለማለት ይቻላል፣ የከረጢቱ ደግሞ ሁሉም፣ የኋላው ጎማ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ሲሰላ ከ200 ኪሎ በላይ ይሆናል። ጎማው ሙሉ ንፋስ ይዞ እንኳ ከአቅሙ አልፏል። በዚህ ላይ «ለዝናብ» ተብሎ ንፋሱ ከተቀነሰ ጎኑ በየዙሩ ይታጠፋል፣ መታጠፉ ያሞቀዋል፣ ሙቀቱ በላስቲኩ ውስጥ ያሉትን የክር ድርብርቦች ከላስቲኩ ያላቅቃቸዋል። እነዚህን ድርብርቦች ያላየ ሰው የበረባሶ ሶል ጠርዝ ላይ ተደርድረው ያገኛቸዋል። ለእንዲህ ያሉ ሞተሮች ፋብሪካዎች በአብዛኛው የሚሰጡት መጠን ከፊት 25፣ ከኋላ ለነጂው ብቻ 28፣ ከተሳፋሪ ጋር 32 ፒኤስአይና ከዚያም በላይ ነው፤ የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ ጠዋት ነው። በጣት ተጭኖ ወይም በእግር መትቶ 22ን ከ32 መለየት አይቻልም።

«ከቆላ ወደ ደጋ ስትወጣ ጎማው ስለሚነፋ አስተንፍሰው» የሚል ንግግርም አለ። ቻግኒ ከባሕር ወለል በላይ 1,580 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እንጅባራ 2,560 ገደማ። ሽቅብ ሲወጣ የውጭው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው በ1.3 ፒኤስአይ ያህል ከፍ ብሎ ያነባል። ግን ደጋው ከቆላው 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ቅዝቃዜው ብቻ 0.9 ያህል ያወርደዋል። የሚተርፈው ግማሽ ፒኤስአይ እንኳ አይሞላም። ቻግኒ ላይ በትክክል የተሞላ ጎማ እንጅባራ ላይ ማስተንፈስ አያስፈልገውም።

ስለ ላስቲኩ ልስላሴ የተባለውን ካነሣሁ ዕድሜውን ማለፍ አልችልም። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል፤ ፀሐይና በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን ላስቲኩን ያደርቁታል፣ ደጋ ላይ ደግሞ ፀሐዩ ይበረታል። የደረቀ ላስቲክ የጠጠሩን ቅርጽ አይይዝም፤ ጥርሱ ግን ምንም ሳይነካ እንደቆመ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ለዓመታት ቆሞ የከረመ ሞተር «ጎማው ገና አዲስ ነው» ተብሎ ለመስክ ሲሰጥ አይቻለሁ፤ በጥርሶቹ ሥር የፀጉር ያህል የቀጠኑ ስንጥቆች ዙሪያውን ከብበውት ነበር። የምርት ጊዜው በጎማው ጎን ላይ፣ በትንሽ ሞላላ ክበብ ውስጥ፣ በአራት አኀዝ ይጻፋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። ለእኛ ልዩ ወጥመድ ያለው እዚህ ላይ ነው። 2317 የሚል ያየ ሻጭ «የ17 ምርት ነው» ቢል ገዢው 2017 ዓ.ም. ብሎ ይረዳዋል። ቁጥሩ ግን የፈረንጅ ነው፦ የ2017 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት፣ በእኛ የ2009 ዓ.ም. ሰኔ መግቢያ። ስምንት ዓመት ያህል በአንድ ንባብ ይጠፋል።

ጥርስ ብቻ ማየት የፊቱን ጎማም ያስረሳል። የኋላው ሞተሩን ስለሚገፋ ቶሎ ያልቃል፤ ስለዚህ አዲስ ጎማ ሲገኝ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የፊቱ ደግሞ ጥርሱ ስለማያልቅ ከሞተሩ ጋር ያረጃል። ፍሬን ጠበቅ ተደርጎ ሲያዝ ግን ከጠቅላላው ክብደት አንድ አምስተኛ ያህሉ ከኋላ ተነሥቶ ወደ ፊት ይዞራል። አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው ያ አሮጌ ጎማ ነው። የኋላ ጎማ ሲከዳ ሞተሩ ጭራውን ቢወረውርም ነጂው መልሶ የሚይዝበት ዕድል አለው፤ የፊቱ ሲከዳ መሪው ከእጅ ያመልጣል፣ ጊዜም አይሰጥም። በጎማው ጎን ላይ ያለው ቀስት የመዞሪያ አቅጣጫውን ያሳያል፤ አንዳንዱ ጎማ ከፊትና ከኋላ ሲገባ ቀስቱ የተለያየ የሆነበት ምክንያት የፊቱ በፍሬን፣ የኋላው በሞተር ጉልበት፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚጎተት ነው።

የሚቀርብልኝን መልስ አውቀዋለሁ፦ የእኛ ሞተረኛ ጠዋት አስፋልት፣ ከሰዓት ጭቃ ነው፣ ሁለት ዓይነት ጎማ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም። ልክ ነው። ስለዚህም ለእንጅባራና ለዳንግላ መስመር እኔ የምመርጠው መካከሉ ደንደን ያለና የተያያዘ፣ ጎንና ጎኑ ደግሞ የተራራቀ ጥርስ ያለው ጎማ ነው፤ መካከሉ አስፋልቱን፣ ጎኑ የቀበሌውን መንገድ ይችላል። ገጠር ውስጥ ከፒስታው የባሰ ጭቃ ከገጠመ ንፋሱን ጥቂት አውርዶ በዝግታ መሻገር አይከለከልም፤ የእጅ ፓምፕና መለኪያ በሞተሩ ላይ እስካሉና አስፋልት ሲደረስ እስከተሞላ ድረስ። የንብረት ኮሚቴዎችም በመረከቢያ ቅጻቸው ላይ ከ«ጥርስ» ጎን የምርት ሳምንቱንና የንፋሱን ልክ ቢጽፉ የሚጠይቃቸው ቀለም ብቻ ነው። ለጃዊ ጥቁር አፈር ግን፣ በነሐሴ፣ ይህ የእኔ ጎማ አይበቃም። እዚያ የሚነዳ ትልቅ ጥርስ ይግዛ፤ ጎሚስታው ትክክል ነው።